ከጨዋማው ራቁ

ሉዋንድሌ የሚባል ሰው ነበር። ስሙ በእኛ ቋንቋ «ባሕር» ማለት ነው፤ ከዚህ ስም ሌላ ለዚህ ዓለም ያበረከተው ነገር የለም። በወጣትነቱ ወርቅ ሊቆፍር ሄደ፣ ወርቁን ለባለቤቶቹ ትቶ አቧራውን በሳንባው ይዞ ተመለሰ፣ በረንዳ ላይ ሁለት ዓመት ሲስል ከርሞ ሞተ። ባሕሩን ግን እንደ ጅብ ይፈራው ነበር። እግሩን አንድ ቀን ነክሮ አያውቅም።

ይህ ሰው ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ልጁ ሚስት አገባ። ሙሽራይቱ ኖሳኬሌ ትባላለች። አማቷን በሕይወት ቀርቶ በፎቶግራፍ እንኳ አላየችውም፤ ፎቶግራፍ አልነበረውምና። ቢሆንም ምራት ናት። ምራት ደግሞ የአማቷን ስም አትጠራም፤ ስሙ የተሰገሰገበትን ቃልም አትጠራም። ስለዚህ ኖሳኬሌ የኮርማ ሥጋ ተበልቶ፣ ቢራ ተጠጥቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ሉዋንድሌ ግቢ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ባሕርን ባሕር ብላ አታውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት! እኔ የማንም ምራት ስላልሆንኩ ባሕር እላለሁ፤ እሷ ግን «ጨዋማው» ትለው ነበር።

ቤታችን ከባሕሩ ራቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን መንደራችን ያለው በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ፣ ከፖርት ሴንት ጆንስ በስተሰሜን፣ ገደሉ ራስ ላይ ነው፤ ኖሳኬሌ እንጀራዋን የምትበላውም ከገደሉ ሥር፣ ከውሃው ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ከተተከለው «ሃምሳ አልጋ» ከሚባለው ቤት ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል። ድሮ ሚስዮኖች ለነፍሳቸው ዕረፍት ሠሩት፤ ኋላ አንድ የደርባን ኩባንያ ለኪሱ ዕረፍት ገዛው። ተደራራቢ አልጋ በየክፍሉ፣ በሬ የሚቀቅል ድስት፣ መቶ ሰው የሚያስቀምጥ በረንዳ። በቡድን ካልሆነ አይከራይም። የመዘምራን ማኅበር ይመጣል፣ ነጭ ኮሌታ የለበሱ የቤተ ክርስቲያን እናቶች ይመጣሉ፣ ፈተና የጨረሱ ተማሪዎች ከነጩኸታቸው ይመጣሉ። ባሕር ለማየት አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን ሙሉ በሚኒባስ ተጨፍልቀው ይመጡና ከመኪና ሲወርዱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ኔትወርክ የቱ ጋ ነው?» ይሆናል።

ኖሳኬሌ የቤቱ ኃላፊ ነች። በሥሯ አሥር ሴቶች አሉ፤ ያጥባሉ፣ ያነጥፋሉ፣ ክክ በቆሎና ቦሎቄ ይቀቅላሉ። አሥሩም የእኛው መንደር ሴቶች፣ ይባስ ብሎ አሥሩም የሉዋንድሌ ልጆችና የወንድሞቹ ልጆች ሚስቶች ናቸው። ያቺ ቃል በአሥራ አንዱም ምላስ ላይ ክልክል ናት። የኖሳኬሌ ግን የተለየ ነው። የሌሎቹ ምላስ አንዳንዴ ያዳልጣቸዋል፣ ከአባታቸው ቤት ፍየል መጥቶ ይታረዳል፣ ይታለፋል። የእሷ አንድ ቀን አላዳለጣትም። ባሏ ደርባን ወደብ ሄዶ ሌላ ሚስት ይዞ ቀረ፤ ልጅ አልሰጣትም፤ መሬቱን ወንድሞቹ ተቀራመቱት። የቀራት ሀብት «ያልሳተችው ምራት» የሚለው ስሟ ነው። አማቷ ማንያውዛ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋት የሉዋንድሌ መበለት፣ ሰርግ ቤት ሁሉ በኩራት ታሳያት ነበር፤ ሌላው የሚያምር ላም ሲያሳይ እንደሚኮራው።

አሁን ስለ በሩ ልንገራችሁ። ከቤቱ ፊት ለፊት ሞገዱ በግራም በቀኝም እየጮኸ ይሰበራል። መሐል ላይ ግን ሃያ እርምጃ የሚያህል ቦታ ጸጥ ያለ ነው፤ ሞገድ የለም፣ አረፋ የለም፣ እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ። የከተማ ሰው ያየዋል፣ «እዚህ ጋ ደህና ነው» ይላል፣ ይገባል። ውሃው ወደ ውስጥ የሚመለስበት መንገድ ግን ያ ነው፤ የገባውን ይዞ ይሄዳል። እኛ «በሩ» እንለዋለን። ከአራት ዓመት በፊት ሁለት መዘምራንን ወሰደ። የዚያን ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ ከእንቅልፉ ነቅቶ ደብዳቤ ጻፈ፦ የቤቱ ኃላፊ እንግዳ በገባ ቁጥር ሁሉንም ሰብስቦ በአፉ ያስጠንቅቅ፤ ሳያስጠነቅቅ አንድ ሰው ከሞተ ቤቱ ይዘጋል። ተመልከቱ እንግዲህ፦ የአሥራ አንድ ሴቶች ጉሮሮና የማያውቁት ሰው ነፍስ፣ አፏ በታሰረ ሴት አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

ኖሳኬሌ ግን ሞኝ አይደለችም። ዘዴ አበጀች። በር ጠባቂው ፊኪሌ ከኬፕ በኩል የመጣ ባዕድ፣ የማንም ዘመድ ያልሆነ፣ አፉ የማያርፍ ሽማግሌ ነው። እንግዶች በረንዳው ላይ ሲሰበሰቡ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

«እንግዶቻችን እንኳን ደህና መጣችሁ። ወደ…» ትላለች ኖሳኬሌ።

«ባሕር!» ይላል ፊኪሌ።

«ስትወርዱ፣ ጸጥ ባለው በኩል እንዳትገቡ። እዚያ ጋ…»

«ባሕሩ!»

«ሰው ይጎትታል። ልጆቻችሁን ከ…»

«ከባሕር! ከባሕር! ስንቴ ልበል?»

እንግዳው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ሲስቁ ይሰማሉ፤ ሲሰሙ አይረሱም። አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ተካፍለው አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልሞተም። የሳይንስ ሊቃውንት ያልሠሩትን ሁለት ያልተማሩ ሰዎች ሠሩት።

ታዲያ ጥሩ ነገር ሲሠራ ዓይኑ የሚቀላ አይጠፋም። የደርባኑ ሥራ አስኪያጅ በሰኔ መጣና የግቢውን በር አየ፣ ፊኪሌን አየ፣ ፊኪሌ ወንበሩ ላይ አንቀላፍቶ ነበር። በሳምንቱ በቁጥር የሚከፈት ቁልፍ ተገጠመ። ፊኪሌ ተሸኘ።

«ማጆላ» አላት ፊኪሌ በጎሳዋ ስም ጠርቶ፣ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ እየጣለ፣ «ቁልፉ ባሕር ማለት ይችላል?»

«ተው አንተ ሰውዬ።»

«የምሬን ነው። ቃሏን ማን ሊልልሽ ነው?»

«የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ እንዲያሠሩልኝ እጠይቃለሁ።»

ጠየቀች። በስልክ ነበር። ነባሩን ሰሌዳ ጨው በልቶት አንድም ፊደል አልቀረበትም፤ አዲስ ይላክልን አለች። ሥራ አስኪያጁ «አፍ የለሽም እንዴ?» አላት። ስለ አፏ ልታስረዳው ሞከረች። ሳቀ፤ «በሚቀጥለው ወር» ብሎ ዘጋ። ሐምሌ አለፈ፣ መስከረም አለፈ። በመሐሉ የመጡት ሁለት ቡድኖች ቦታውን የሚያውቁ ነበሩና ምንም አልሆነም። ምንም አለመሆኑ ነው እንግዲህ ሰውን የሚያዘናጋው።

በታኅሣሥ አንድ ዕድር መጣ። ከጆሃንስበርግ ዳር፣ ከተምቢሳ። የዕድሩ ስም፣ አልቀለድኩም፣ «ተያይዘን እንሂድ» ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲቀብሩ ይከርሙና በዓመቱ መጨረሻ ለመዝናናት ባሕር ይወርዳሉ። ሠላሳ አራት ሰዎች፣ ከነባዶ ፕላስቲክ ጠርሙሶቻቸው። የባሕር ውሃ ይዘው ካልተመለሱ ጎረቤት አያስገባቸውም፤ ለሆድ ማጠቢያ ነው፣ ለክፉ መንፈስ ነው፣ ለእግር እብጠት ነው። ሊቀ መንበራቸው ሞዲሴ ይባላል። በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ የለበሰ፣ ሲናገር ጣቱን የሚያነሳ፣ መመሪያ የሚወድ ሰው ነው። መመሪያ የሚወድ ሰው ደግሞ ከማይሰማ ሰው ይልቅ ያስፈራኛል።

ከወጥ ቤቱ ሴቶች አንዷ እንደ ደንቡ መጀመሪያ ቧንቧዎቹን አሳየቻቸው። «ይሄ ሮቶ የዝናብ ነው፣ ይጠጣል። ያኛው ከወጥ ቤቱ ኋላ ያለው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ጨዋማ ነው፤ ለሽንት ቤትና ለእግር ብቻ።» የጉድጓዱ ፓምፕ በዚያች ቅጽበት እንደሚታረድ በግ ጮኸ። እንግዶቹ ደነገጡ፣ ሳቁ።

ቀጥሎ ኖሳኬሌ በረንዳው ላይ ቆመች። ብቻዋን። ማንያውዛ ከወጥ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ከዓለት የተለቀመ ዛጎል በቢላዋ እየፈለቀቀች ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን የጉንዳን እርምጃ ይሰማል።

«እንግዶቻችን እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች ኖሳኬሌ። ጎኗን አየች። ፊኪሌ የለም። «አንድ ነገር ብቻ ስሙኝ። ከጨዋማው ራቁ።»

«እሺ እማዬ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ዕድርተኛ አይደሉ? አብሮ መመለስ ለምደዋል።

«ሲጮህ አትፍሩት። ጸጥ ሲል ነው መፍራት። ጸጥ ባለበት በኩል የቀረበው ሰው አልተመለሰም። ሁለት ሰው ገድሏል።»

«ጉድ!» አለች አንዲት ሴት።

«ገብቷችኋል?»

«ገብቶናል እማዬ!»

ኖሳኬሌ ወደ ደረጃው ዞራ አየች። ማንያውዛ ራሷን በእርካታ ነቀነቀች። ቢላዋዋ ሥራዋን ቀጠለች። ኖሳኬሌም ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ እሾህ ወግቷት ነበር፤ በጣም ቶሎ ገባቸው፣ ማንም አልሳቀም ብላ አስባለች። ነገር ግን ሠላሳ አራት ሰው «ገብቶናል» ሲል አልገባችሁም የሚል ማን ነው?

የገባቸውን ልንገራችሁ። ሞዲሴ ዕድሩን መኝታ ክፍል ሰብስቦ ጣቱን አነሳ። «ሰምታችኋል። ያ ቧንቧ ሁለት ሰው ገድሏል። ፓምፑ ሲጮህ ችግር የለም፤ ጸጥ ሲል መርዙ ይወጣል ማለት ነው። ማንም እንዳይጠጋ!» ቀይ መሐረቡን አውጥቶ ቧንቧው ላይ አሰረ። ተረኛ ጠባቂ መደበ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሕዝብ!

ያን ከሰዓት ከዕድርተኞቹ አንዷ ወጥ ቤት ገብታ ካሮት ካልላጥኩ ብላ ተቀመጠች። ዲፑዎ ትባላለች፤ በነሱ ቋንቋ «ንግግር» ማለት ነው፣ እውነትም ስሟን አላሳፈረችውም። ልብስ ሰፊ ናት፣ አርባ ዓመት አካባቢ። ስለ እናቷ አወራች፤ እግራቸው አብጦ ከወንበር አይነሱም፣ ባሕር አይተው አያውቁም።

«ሁለት ጠርሙስ አምጪልኝ ብላኛለች፣ እማዬ። አንዱን ለእግሬ፣ አንዱን ዝም ብዬ ላየው አለችኝ። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ውሃ ምኑ ይታያል በይኝ!»

«ይታያል» አለች ኖሳኬሌ። «ቀለሙ ይቀራል እንጂ ጨውነቱ አይቀርም።» ተሳሳቁ። ካሮቱ አለቀ።

በማግሥቱ ጠዋት ኖሳኬሌ ከመንደር ወርዳ በወጥ ቤቱ ኋላ ስታልፍ መሐረቡን አየችው። ከመሐረቡ ፊት ሞዲሴ ወንበር ላይ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ እንደ ባንክ ዘበኛ።

«ምንድነው ይሄ፣ አባቴ?»

«ጥበቃ ነዋ! ባዘዙን መሠረት አንድ ሰው አልተጠጋም።»

«ወደ ምን?»

«ወደ ጨዋማው!»

ኖሳኬሌ መሐረቡን አየች፣ ፓምፑን አየች። ፓምፑ ጸጥ ብሏል።

«ሰዎቹስ የት አሉ?»

«ቁርስ ላይ። ዲፑዎ ብቻ ቀድማ ወርዳለች፣ ለእናቷ ልትቀዳ። ከዚህ ከተመረዘው ሳይሆን ከንጹሑ ቅጂ አልኳት።»

«ጥሯት! ሮጣችሁ ጥሯት! ከዚያ… ከጨዋማው…»

«ጨዋማው ይኸው ነው እማዬ፣ ታስሯል።»

«ይሄ አይደለም! ትልቁ! ያ የሚጮኸው! ያ… ከታች ያለው! ሰፊው!»

ሞዲሴ ፈገግ አለ። «እንቆቅልሽ ነው? ምን አውቅልሽ እንበል?» ቁርስ ላይ ያሉትም ጩኸት ሰምተው ብቅ አሉ፤ አንዱ ጎረምሳ «ሰፊው ሜዳ? ኳስ ሜዳው?» አለ፤ ሳቅ ሆነ። የማንያውዛ ቢላዋ ደረጃው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

ኖሳኬሌ አማቷን አየቻት። አማቷ አየቻት። ከዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት የተዘጋው አፍ ተከፈተ።

«ባሕሩ! ባሕሩን ነው ያልኳችሁ! ባሕሩ ነው የሚገድለው!»

ሉዋንድሌ በገዛ መበለቱ ፊት፣ በገዛ ምራቱ አፍ፣ ሦስት ጊዜ ተጠራ። ማንያውዛ ዛጎሉን ከነሳህኑ ለቀቀችው።

ሮጡ። ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ ሲሮጡት ግን አሸዋ ነው። ዲፑዎ በሩ ላይ ነበረች። አስተዋይ ሴት ስለሆነች ጸጥ ያለውን ቦታ መርጣ፣ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ወገቧ ገብታለች። ሰዎች ሲመጡ ስታይ ደስ አላት፤ የሞላውን ጠርሙስ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ውጪ! ውጪ!» ይላሉ፤ እሷ ከጫጫታው ውስጥ የሰማችው ሰላምታ መሆን አለበት፤ በጠርሙሱ መልሳ ሰላም አለች። ከዚያ እግሯ ከሥር ተነሳ። ጎረምሳው ዘሎ ገባ፤ ሞገዱ ከዓለት ጋር አጋጭቶ መለሰው። ሁለተኛ ጊዜ ብቅ ስትል ራሷ የቡጢ ያህል አነስተኛ ነበረች። ሦስተኛ የለም።

ሬሳው በማግሥቱ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት ቦታ ተገኘ። ሞዲሴ ራሱ ሸፈነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ልምድ አለው። አንዱ ጠርሙስ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ክዳኑ እንደተጠበቀ፣ ሙሉ።

በሦስተኛው ቀን ፖሊስ መጣ፣ የእኛው ሕዝብ፣ የምፖንዶ ልጅ፣ ሃምሳ አለቃ። የደርባኑ ሥራ አስኪያጅም ነጭ መኪናውን እያበረረ መጣ። አሥሩ ሴቶች የመመገቢያ አዳራሹን ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። የዲፑዎ ታናሽ እህት ከተምቢሳ መጥታ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፣ ጠርሙሱን ታቅፋ።

ሥራ አስኪያጁ ኖሳኬሌን ጥግ ወስዶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «እናቴ» አላት። «እናቴ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው። ባሕር ብያቸዋለሁ በይ። አስጠንቅቄ ነበር፣ አልሰሙኝም፣ በቃ። ቤቱ ይተርፋል።»

ሴቶቹም በየተራ አንሾካሾኩላት። «አንዴ ብለሽዋልኮ! ሁለተኛው ምን ይጨምርብሻል? የሚታረደው ፍየል ያው አንድ ነው!» ሞዲሴ ደግሞ ሲጠየቅ «ትክክለኛውን ቃል አላስታውስም» ብሎ ክራቫቱን አስተካከለ። ያ መሐረብ ከቧንቧው ላይ መቼ እንደተፈታ ማንም አላየም። ሁሉም አንዲት ውሸት ጠበቀ፣ ከአንዲት ሴት አፍ።

ሃምሳ አለቃው እስክሪብቶውን አነሳ። «እናቴ፣ እንግዶቹ ሲገቡ ያልሻቸውን ቃል በቃል ድገሚልኝ።»

ኖሳኬሌ ቀና ብላ አየች። ማንያውዛ አዳራሹ በር ላይ ተቀምጣለች። ግን ኖሳኬሌ የምታየው ማንያውዛን አልነበረም፤ አግዳሚው ላይ ያለችውን እህት ነበር። ባሕር ብያለሁ ብትል ዲፑዎ የተነገራትን ያልሰማች፣ ራሷን የገደለች ጅል ሆና ትቀበራለች፤ እናቲቱም እግራቸውን አንጠልጥለው ይህን ይሰማሉ።

«ከጨዋማው ራቁ አልኳቸው» አለች።

«ጨዋማው?»

«ጨዋማው። ሌላ ቃል አላልኩም። የመሰላቸው ቧንቧው ነው። ልጅቷ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው።»

ሃምሳ አለቃው ምራት ባለበት ቤት ያደገ ነው፤ ገብቶታል። «እንዲህ ብዬ ልጻፈው?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጻፈው።»

ሥራ አስኪያጁ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ፤ አልተረጎምኩትም። እህትየዋ ተነስታ የኖሳኬሌን እጅ ሳትይዝ፣ ሳትሰድባትም ወጣች። በዚያው ጠዋት ዕድርተኞቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከዳር፣ ከጫጫታው በኩል፣ ጠርሙሶቻቸውን ሞሉ። ያንን እንኳ አልተዉም። ለዲፑዎ እናት ሁለተኛው ተሞላላቸው።

ቤቱ በሳምንቱ ታሸገ። አሥሩ ሴቶች አሁን የሸንኮራ እርሻ ውስጥ አረም ያርማሉ፣ ኖሳኬሌን መንገድ ላይ ሲያገኟት አንገታቸውን ያዞራሉ። አንዷ ብቻ አልዞረችም፤ «ለሞተ ሰው ስም በላሽን» አለቻት።  ሌሎቹ ለሞተው አማቷ ክብር ብላ ነው አሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ድንቁርና ነው ብሎ ጻፈ፤ እኔ በሁሉም ነገር ላይ አፌ የማያርፍ ሰው እዚህ ላይ የምለው አጥቻለሁ።

ማንያውዛ ለሦስቱ ጥሪ ፍየል ጠየቀች። ኖሳኬሌ አባቷ ከሞተ ሃያ ዓመት ቢሆነውም ወደ ትውልድ መንደሯ በእግሯ ሄዳ ከወንድሟ ለምና አመጣች። ታረደ። ማንያውዛ እጇን ከታጠበች በኋላ የሃምሳ ሁለት ዓመቷን ሴት «ነይ ሙሽሪት፣ ዛጎሉን አንሺልኝ» አለቻት። ታረቁ ማለት ነው።

ሰሌዳው በየካቲት ደረሰ። ትልቅ፣ ቀይ፣ በሦስት ቋንቋ። ቤቱ ከታሸገ በኋላ ከተቆለፈው በር ላይ ቸነከሩት። ፊኪሌ፣ ሥራ ስለሌለው፣ ከለመደው ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ኖሳኬሌ ዛጎል ልትለቅም ስትወርድ ቆመች።

«ምን ይላል?» አለችው።

«ማንበብ ትችይ የለ? ራስሽ አንብቢው። ከእንግዲህ እንግዳ የለ፣ የሚሰማሽ የለ።»

ቅርጫቷን አስተካከለች፣ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች።

«… አደገኛ ነው» አለች፣ ወደ ታችም ወረደች።